አንድ ስም ብቻ የቀረልኝ ጊዜ

ወንድሜ ደብተራ ዘውዴ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብርዑን ቀለም ነክሮ፣ «እታለም፣ መጀመሪያ በግዕዝ ትንሽ ምስጋና ላስገባ» ይለኛል። እሱ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ የኔ ነገር ሳይደርስ ብራናው ያልቃል። ምስጋናውን እኔው አደርሳለሁ፦ አፌን የሠራ፣ አፌን የዘጋ፣ መልሶም የከፈተልኝ አምላክ ስሙ ይመስገን። በቃ። አሁን የምልህን ብቻ ጻፍ፣ ዘውዴ። ስላንተም የምለው አለኝ፤ እሱንም እንዳትዘለው።

ዘነበች እባላለሁ። የአንኮበር አልቃሽ ነኝ። ሰው ሲሞት ሙሾ አወርዳለሁ፤ ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣውን ለቀስተኛ እያንሰቀሰቅሁ እሸኛለሁ። በዚህ አገር ሹሙም ድሃውም እኔን ማስቀየም አይወድም፤ ሲሞት ምን እንደምልበት አያውቅማ! ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ጭር ብትልም ሞት ግን አብሮ አልተነሣምና ሥራ አጥቼ አላውቅም። አንደበቴ እርሻዬ ነው። የተወሰደብኝም እሱ ነው።

ይህን የማስጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ራሱን ተመትቶ «ምንም አልሆንሁም» ብሎ ልብሱን አራግፎ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው አፉ ተይዞ የተኛ ዘመድ ያለው ነው። ያ የተኛው ሰው ይሰማል፤ ይህን ዕወቁልኝ። ራስጌው ቆማችሁ የምታወሩትን ሁሉ ይሰማል።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነው። ከለቅሶ ስመለስ ጉሙ ወርዶ የፊቴን መንገድ ከልክሎኝ ነበር። የአንኮበር ቁልቁለት በዝናብ ጊዜ እንዴት እንደሚያንሸራትት የወረደበት ያውቀዋል። እግሬ ከዳኝና ወደቅሁ፤ ከግራ ጆሮዬ ከፍ ብሎ ራሴን ድንጋይ መታኝ። ትንሽ ጨለመብኝ። ነቅቼ ስነሣ መጀመሪያ ያደረግሁት ድንጋዩን መስደብ ነው። አብረውኝ የነበሩት ሴቶች ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ደሙን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፣ ቅጠል ለጠፍሁበት፣ ብዙም ሳይቆይ ቁስሉ ሻረ። ጠጉሬ ሸፈነው። ከዚያ በኋላ እኔም ረሳሁት፣ ሰዉም ረሳው።

ሐምሌ ሲገባ ራሴን ያመኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ቀኝ እጄ ሰነፈ፤ የያዝሁት ማማሰያ ሳላውቀው ከእጄ ይወድቃል። ቀኝ እግሬም ከደፍ ጋር ይጋጭ ጀመር። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» አሉ። ዳማከሴ አሹልኝ፤ ጠጣሁት፣ ተቀባሁት፣ ታጠንሁት። ቤቱ፣ ልብሴ፣ ውሻዬ ሳይቀር ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። ራስ ምታቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ዘውዴ መጣና ዓይኖቼን ገልጦ አይቶ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። ክታብ ጽፎ፣ በቆዳ ሰፍቶ፣ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ምን ቀና ብለህ ታየኛለህ? ጻፈው እንጂ፤ አንተ ነህ። ጽሕፈቱ ያምር ነበር፤ እኔ ግን እየባሰብኝ ሄድሁ።

ባለቤቴ ተክሌ ቤት ቢኖር ምናልባት ሌላ ነገር ያስብ ነበር። እሱ ግን በቅሎ ጫኝ ነው። አሞሌ ጨው ጭኖ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ ከዚያም የጫጫን ወንዝ ተሻግሮ፣ ወንዙ ሞልቶበት እዚያው ክረምቱ ይዞት ነበር።

የገበያ ቀን ገንቦ ልገዛ ወጣሁ። ገንቦ ሻጯ ጥሩነሽ ትባላለች፤ ከአፋፉ በታች ብቻዋን የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ናት። በአገራችን ሸክላ ሠሪን «ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ሰው ትበላለች» ይላሉ። ገንቦዋን እንገዛለን፣ በገንቦዋ ቀድተን እንጠጣለን፣ እሷ እያየችን ግን እህል አንቀምስም። እኔም እንደ ሰዉ ነበርሁ። ብቻ እናቷ የሞተች ጊዜ ለቅሶ የደረስሁላት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ቀርቶ ነበር፤ እኔ ግን የዋይታ ድምፅ እየሰማሁ ቤቴ መቀመጥ አይሆንልኝም።

እና በዚያ ቀን አንዱን ገንቦ አንሥቼ በጣቴ አንኳኳሁትና ዋጋውን ላስወርድ «ጥሩነሽ…» አልሁ። ቀጥዬ «ይቺ ገንቦሽ እንዳንቺው ቀጭን ናት፣ ታፈሳለች» ልላት ነው። አልወጣም። ነገሩ ልቤ ውስጥ አለ፣ አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን አላገኘውም። እንደገና ሞከርሁ። «ጥሩነሽ።» ገንቦው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፣ እኔም ተከተልሁት። ተወርውራ፣ ራሴ መሬት ሳይነካ የያዘችኝ እሷ ናት። የገበያው ሰው ያየው ግን ሌላ ነው፤ በቡዳዋ እቅፍ ውስጥ ሆኜ ስሟን ስጠራ ነው ያየኝ።

ተሸክመው ቤቴ አስገቡኝ። ከዚያ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። ቡዳ በልቶታል የተባለ ሰው የሚጠየቅበት ወግ አለ፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በአፍንጫው ያደርጉለታል፣ ያጥኑታል፣ «ማን ነህ? ከየት ያዝሃት?» ይላሉ። የበላው ቡዳ በበሽተኛው አፍ ስሙን ይናገራል ይባላል፤ ይህንንም «ለፈለፈ» ይሉታል። ዘውዴ ራስጌዬ ቆሞ «ተናገር! ማን ነህ? ማን በላት?» እያለ ይጮኻል። እኔ «ማንም አልበላኝም፣ ራሴን ነው ያመኝ፣ ውኃ ስጡኝ» ልል አፌን ከፈትሁ።

«ጥሩነሽ» አልሁ።

ጆሮዬ ሰማው። የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ልል ያሰብሁት ግን ሌላ ነው። ደንግጬ ላስተባብል ቸኮልሁ። «አይደለችም! አይደለችም!» ስል የሚወጣው «ጥሩነሽ! ጥሩነሽ!» ነው። ባስተባበልሁ ቁጥር ከሰስኋት። ኧረ እናንተ ሆይ፣ ከዚህ የባሰ ምን ፍርሃት አለ? ቤቱን የሞላው ሰው «ለፈለፈ! ቡዳው ለፈለፈ!» እያለ ተግተልትሎ ወጣ።

ገና በእሳት ያልተቃጠሉ ገንቦዎቿን ረጋግጠው፣ እየጎተቱ አመጧት። «እንትፍ በይባት» አሏት፣ የበላችውን እንድትተፋ መሆኑ ነው። እያለቀሰች ተፋችብኝ፤ የተለወጠ ነገር የለም። ነገሩ ከጭቃ ሹሙ ደረሰ። ጭቃ ሹሙ የመንደሩ አለቃም ዳኛም ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ብቻ የሰዉን ጩኸት ይፈራሉ። እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ከሳሿ በሽተኛዋ ናት። ተከሳሿ ከከሳሿ ጋር በቁራኛ ትታሰር። ዘነበች ከዳነች ትፈታለች። ከሞተች ግን ደሟን ወንድሟ ይፈልጋል።» ደም መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ስለዚህ የኔን ነጠላ ጫፍ ከሷ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠሩት፤ በሩ ላይ ዘበኛ አቆሙ። እኔ መደብ ላይ፣ እሷ መሬት ላይ። እኔ ከሞትሁ እሷም ትሞታለች፤ ለመዳን ደግሞ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?

ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ቀና ብላ አየችኝና «እሜቴ፣ ምን አደረግሁዎት?» አለችኝ።

ምንም አላደረግሽኝም ልላት ፈለግሁ። «ጥሩነሽ» አልኋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዘውዴና ጎረቤቶቼ ጠበል ወሰዱኝ። እሷም ተቋጥራለችና አብራ ሄደች፤ በነሐሴ ብርድ እኔ ስጠመቅ እሷም ትጠመቃለች፣ እኔ ስንቀጠቀጥ እሷም ትንቀጠቀጣለች። ታቦቱን አላማውም፤ እዚያ የተኛሁ ጊዜ ልቤ ያርፍ ነበር። አፌ ግን እንደተያዘ ተመለስሁ። ሰዎች አጠገቤ ሆነው «ምስኪን፣ አእምሮዋን ስታለች» ይባባላሉ። የት ስቼው! ማን ምን እንደተናገረ፣ ማን ጠላዬን ሳይጠይቅ እንደጠጣ፣ ሁሉንም እይዛለሁ። ውስጤ ያችው ዘነበች ሙሉ ናት፤ በሩ ብቻ ነው የተዘጋባት።

ብቻችንን ስንሆን ጥሩነሽ ዝም ብላ አትቀመጥም። የደነዘዘ እጄን በሞቀ ውኃ ታሸዋለች፣ ጠጉሬን ታበጥራለች። ፍርሃቷ ሲያልፍ ቀልድም ጀመረች። «እሜቴ፣ እንዲህ ቀኑን ሙሉ ስሜን ጠርቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ባሌ እንኳ ‹አንቺ› ነበር የሚለኝ» ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። ለካ ሳቅ አልተወሰደብኝም ነበር።

አንድ ጠዋት እጄን እያሸች ለራሷ ታንጎራጉር ጀመር። አወቅሁት። ለእናቷ ያወረድሁት ሙሾ ነው፤ እኔ ከረሳሁት ቆይቷል፣ እሷ ግን ይዛው ኖራለች።

«ጭቃውን አቡክታ ገንቦ ስትሠራ፣»

ብላ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ከኔ አፍ፣ ከዚህ ከተያዘው አፍ፣ ዜማው ጎትቶት ወጣ፦

«እሷንም አቦካት አፈር በተራ።»

እኔ ነኝ? አዎ፣ እኔው ነኝ። ልናገር ብዬ ሞከርሁ፤ «ጥሩነሽ» ብቻ። ላንጎራጉር ብዬ ሞከርሁ፤ ግጥሙ ከነቤት መምቻው፣ ቃል ሳይጎድል ወረደ። ጥሩነሽ እጄን ለቅቃ ብድግ ስትል ነጠላችን ተጎትቶ እኔንም ሊጥለኝ ነበር። «እሜቴ! ሌላ ይበሉ! ስለ እግዚአብሔር ሌላ ይበሉ!» አለችኝ። ሌላ አልሁ። ስንት ሙት አልቅሼ ኖሯል! ሙሾው ሁሉ ተራ በተራ መጣ። በአንድ ራስ ውስጥ፣ በአንድ ምላስ ላይ፣ ንግግር ሞቶ ዜማ በሕይወት መኖሩ፣ አምላኬ፣ ይህ እንዴት ያለ ሥራ ነው! ኖሬ ኖሬ ቤቴ ሁለት በር እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የሚመጣልኝ የድሮው ብቻ ነበር። አዲስ ቃል ከተመኘሁ ዜማውም ይሰበርብኛል። ጥሩነሽ ግን አልለቀቀችኝም። ገንቦ ደህና መሆኑን ለማወቅ እንደምታንኳኳው ግራ እጄን በጣቷ እየመታች «ው-ኃ፣ ው-ኃ» ትላለች በሙሾ ዜማ፤ እኔም እከተላለሁ። ከብዙ ልፋት በኋላ ውኃ በዜማ ጠየቅሁና ውኃ ጠጣሁ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ውኃ ቀምሼ አላውቅም።

ዘውዴ ይህን ሰምቶ ሮጦ ሲገባ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። «በአንቺ አፍ የምትዘፍነው ቡዳዋ ናት!» ብሎ አማተበና ወጣ። እንዴት ያለ ወንድም ነው! በል ጻፍ፣ አትሳቅ።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ተክሌ ደረሰ። ወሬውን በመንገድ ሰምቷል። ጅራፉን እንደያዘ ገባና ጥሩነሽን ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ተንበርክኮ ጉንጬን ያዘ። «ዘነቡ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለኝ።

«ጥሩነሽ።»

በቅሎውን በበሩ አሳየኝ። «ያቺስ?» «ጥሩነሽ።» ጅራፉን አነሣ። «ይህስ?» «ጥሩነሽ።» ባሌ እያለቀሰ ሳቀ። «እንግዲያው በቅሎዬም ቡዳ ናታ! ይህን ሁሉ ጊዜ ሌላ ነገር የጠየቃት ሰው የለም?» ብሎ ዘበኛው ላይ ጮኸ። አልነበረም። «ማን በላሽ?» ብቻ ነበር የሚጠይቁኝ።

ከአንኮበር በታች ቤት ሠርተው የተቀመጡ ፈረንጆች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ ሐኪም ነው። ተክሌ ሣጥኖቻቸውን ከቆላ ያወጣላቸው ስለነበር ያውቁታል። በቃሬዛ ወሰደኝ፤ ጥሩነሽም እንደተቋጠረች አብራኝ ወረደች። ደጁ ላይ ብዙ በሽተኛ ተኮልኩሏል፤ እግሩ የቆሰለ፣ ዓይኑ የታመመ፣ ሆዱን የያዘ። እኛን ሲያዩ ሹክሹክታ ሆነ፤ ከጥሩነሽ ሸሽተው ስፍራ ለቀቁልን። በዚህ ምክንያት ጥሩ ጥላ አገኘን።

ሐኪሙ አማርኛ አይሰማም። የሚያስተረጉምለት ሀሰን የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ባሕር ድረስ ሲመላለስ ቋንቋቸውን የለመደ። ሐኪሙ ቀኝ እጄን አነሣና ለቀቀ፤ ወደቀ። እግሬን በጥፍሩ ጫረ። ቁልፍ አሳየኝ፤ «ጥሩነሽ» አልሁ። ሻማ አሳየኝ፤ «ጥሩነሽ።» በመጨረሻ የገዛ አፍንጫውን ያዘ። «ጥሩነሽ!»

«ሱብሐነላህ!» አለ ሀሰን፣ «የሐኪሙ አፍንጫ ሰው መብላት ከጀመረ አለቀልን!»

ሐኪሙ አልሳቀም። ጠጉሬን በጣቶቹ ከፋፍሎ፣ እንደ ዕውር እየዳሰሰ፣ ከግራ ጆሮዬ በላይ ቆመ። ጠባሳውን አገኘው። «ተመትታለች?» አለ። ተክሌ አያውቅም፤ ስወድቅ አልነበረም። እኔ ግን ድንጋዩ፣ ጉሙ፣ ሳቃችን ሁሉ ባንዴ ትዝ አለኝና ራሴን እየነቀነቅሁ አለቀስሁ።

ያን ጊዜ ሐኪሙ የነገረንን ሀሰን ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። ሰው ከተመታ በኋላ ከአጥንቱ በታች ቀስ እያለ ደም ሊጠራቀም ይችላል፤ ያም አንጎልን ይጫነዋል። ላዩ ሲሽር ውስጡ እየባሰ ይሄዳል። በግራ በኩል ሲጫን ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ይደክማል፤ ይህ የታወቀ ነው አለ። ደግሞ በነሱ አገር አንዲት ድምፅ ብቻ እየደጋገመ ብዙ ዘመን የኖረ በሽተኛ ነበረ፤ ሲሞት ራሱ ተከፍቶ ቢታይ፣ የተጎዳው በግራ በኩል ከግንባር ኋላ ያለው ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለንግግር ስፍራ እንዳለው ታወቀ አለ። ጣቱን ጠባሳዬ አጠገብ አኖረ። «እዚህ ነው» አለ።

እዚህ! ያ ሁሉ ሙሾ፣ ያ ሁሉ ስድብና ጨዋታ፣ የእናቴ ስም፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ መዳፍ በማታህል ስፍራ ውስጥ ያድራል? ያን ጊዜ የተሰማኝን በዜማም በንግግርም መግለጽ አልችልም። የመቅደስ መጋረጃ ሲከፈት ቆሜ እንደማየት ሆነብኝ።

ጥሩነሽ አላስቻላትም። «ጌታዬ፣ እሜቴ ይዘፍናሉኮ!» አለች። ሀሰን ተረጎመው፤ ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። እሷ ጀመረች፣ እኔ ጨረስሁ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ደገምሁለት። ከዚያ ሀሰንን አንድ ነገር አለው። «ይህን አላውቅም ይላል» አለ ሀሰን። «ሌላም እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው አላየሁም ይላል።» ከነገረን ሁሉ ይህን ቃሉን አብልጬ ወደድሁለት።

አጥንቱን በመሣሪያ በስቶ ደሙን ማፍሰስ እንደሚቻል ነገረን፤ ተክሌ ላብ በላብ ሆነ። ግን አንዳንዴ ሰውነት ራሱ ደሙን መልሶ ይጠጣዋል፤ መዝፈኗና እየነቃች መሄዷ ደህና ምልክት ነው፣ ጥቂት እንቆይ አለ። «ካስመለሳትና ከእንቅልፏ መንቃት ካቃታት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት» አለ። ይህን እናንተም ያዙልኝ። ከዚያ ወዲህ ስተኛ ጥሩነሽ አትተኛም፤ አስሬ ትቀሰቅሰኛለች። «እሜቴ፣ አሉ?» ትለኛለች። ለሷም ለኔም ነበር የምትጠይቀው።

ተክሌ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄዶ ጮኸ። ሰዉ በዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሀሰንም መጥቶ የሐኪሙን ቃል ተናገረ። ሽማግሎቹ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የፈረንጅ ቃል ለቡዳ ምን ያውቃል? ባልስ ቢሆን ለሚስቱ ያዳላል» አሉ። ከኋላ አንዱ «ንጉሥ ይሙት፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ቡዳው ስሟን ተናግሯል!» ብሎ ማለ። ጭቃ ሹሙ ግራ ገብቷቸው ወደኔ ዞሩ። «በከሳሽ አፍ የታሰረች በከሳሽ አፍ ትፈታ። ዘነበች፣ ተናገሪ። ይቺ ሴት በልታሻለች ወይስ አልበላችሽም?»

አፌን ብከፍት የሚወጣውን አውቀዋለሁ። ስሟን ከጠራሁ ገደልኋት። ያለኝ አንድ መንገድ ሙሾ ነው፤ ሙሾ ደግሞ ለሬሳ ነው። በቁም ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፣ ነውር ነው፣ እኔ ራሴ ስንቱን ጀማሪ የገሠጽሁበት ነው። ጥሩነሽን አየኋት። ግራ እጄን ይዛ በጣቷ መታ መታ አደረገችኝ። ተነሥቼ ነጠላዬን አደገደግሁ፤ እሷም ቁራኛዬ ናትና አብራኝ ተነሣች። ጀመርሁ፦

«ድንጋይ መትቶኝ ነው አፌ የታሰረ፣
ጥሩነሽ ምን በላች? ስሟ ነው የቀረ።»

ሴቶቹ «ኧረ በቁም! ኧረ ዝም በይ!» ብለው ጮኹ። ዝም አላልሁም። ድምፄ በራሴ ውስጥ ሲያስተጋባ ይሰማኛል፤ ቃሎቹ አዲስ ናቸው፣ ለማንም ተብለው አያውቁም፣ ያን ሁሉ ወራት ውስጤ ተዘግተው የከረሙ ናቸው።

«አልቅሱ ለእሷ በቁም ለሞተች፣
እኔን ስታስታምም በላች ለተባለች።»

የመጀመሪያዋ ሴት ደረቷን ስትመታ ሰማሁ። ሌላዋ ተከተለች። አንኮበር በኔ ሙሾ ማልቀስ ለምዷል፤ የለመደ ልቡ አሸነፈው። ያ የማለው ሰውዬ እንኳ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ጭቃ ሹሙ ከመቀመጫቸው ወርደው ቋጠሮውን በራሳቸው እጅ ፈቱት። «ሂጂ፣ ነፃ ነሽ» አሏት። ዘውዴ፣ አንተ መጥተህ እግሯ ላይ ወደቅህ። እሱን ሳልነግርህ ጽፈኸዋል፣ አየሁህ።

ፍርዱ ይህ ነው። የሰው ልብ ግን በፍርድ አይፈታም። ጥሩነሽ ገበያ ስትወጣ ገንቦዋን ይገዛሉ፣ ልጆቻቸውን ግን በነጠላ ይሸፍናሉ። ጥቅምትን ሙሉ እየመጣች እጄን ስታሸኝ ቤቴ ያለው ሰው ምግብ ቀርቦ እንደሆነ ይከድናል። አንድ ቀን «እሜቴ፣ ከሞት አውጥተውኛል። ከሰው ጋር ግን አልተቀላቀልሁም» አለችኝ። ይህ ነገር አንጀቴን በላው። ከቁራኛ ያወጣኋት ብቻዋን እንድትሞት ነው እንዴ?

እኔስ በየቀኑ ተሻለኝ። እጄ ማንኪያ መያዝ ጀመረ፣ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ንግግር ግን እንደ ሰው አልመጣልኝም፤ ሁሉን በሙሾ ነው የምጠይቀው። ተክሌ ለጨው ሲለቀስ ሰምቶ አያውቅምና «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብን?» እያለ ያሾፍብኛል። ዜማውን ትቼ ልናገር ስሞክር አሁንም ያው አንድ ስም ይቀድመኛል። እየፈራሁት መጣሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ለመዳኔ ጠበል ጠዲቅ አበላን። ቄሶቹ ተቀምጠዋል፣ ጭቃ ሹሙ ተቀምጠዋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል። ጥሩነሽ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ቁጭ አለች፣ ሰው ሲበላ እንዳታይ። ተነሥቼ እጇን ይዤ ወደ ገበታው ሳብኋት። «ኧረ ተዉኝ እሜቴ» አለች። አጠገቤ አስቀመጥኋት፤ እጇን አንሥቼ ሞሰቡ ላይ አኖርሁት። ከዚያ ወደሷ ዞሬ አፌን ከፈትሁ።

ስታጎርሰኝ ማን አይቶ ያውቃል? በቁራኛ እንኳ ስንኖር እህሌን እንድትነካ አልፈቀዱላትም ነበር። ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ አጎረሰችኝ። አላምጬ ዋጥሁ። ሰዉ ሁሉ አሁን ትወድቃለች ብሎ ይጠብቀኛል። እሷም ዓይኖቿን ጨፍናለች።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ትከሻዋን ነካኋትና፣ ያለ ዜማ፣ ያለ ሙሾ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣

«ድገሚኝ» አልኋት።

ዓይኗን ገለጠች፤ ደገመችኝ።